አናጢነትን ኮሌጅ ገብቶ መማር ያዋጣል? የእኔን ልንገራችሁ

«ሚስማር ለመምታት ኮሌጅ ምን ይሰራል?» ይሉኛል ሰዎች። አልቀየምም። ኮሌጅ ደጃፍ ሳይረግጡ የተዋጣላቸው አናጢዎች አውቃለሁ። አብሬያቸው ሰርቻለሁ፣ ብዙም ተምሬባቸዋለሁ። እኔም ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት ግንባታ ላይ ረዳት ነበርኩ። አቀብል ሲሉኝ አቀብላለሁ፣ ያዝ ሲሉኝ እይዛለሁ። ጉልበት አልጎደለኝም፣ ፍላጎትም እንደዚያው። አንድ ነገር ለምን እንደዚያ እንደሚሰራ የሚነግረኝ ሰው ግን አልነበረም። ስጠይቅ «ዝም ብለህ ስራ» ነበር መልሱ። የሚለኝ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ለእሱም የነገረው የለም።

ይህን የምጽፈው የአናጢነትና የግንባታ ሙያን በኮሌጅ ለመማር ላሰባችሁ፣ ወይም ገብታችሁ «ይሄ ነገር የት ያደርሰኛል?» እያላችሁ ለምትጨነቁ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። እጅ የሚፈታው ስራ ላይ ነው። ኮሌጅ ፈጣን አያደርግም። ተመርቄ ስወጣ ሳይት ላይ ካደጉት ልጆች ጋር በፍጥነት መወዳደር አልቻልኩም፣ አልተጠበቀብኝምም። ኮሌጅ የሰጠኝ ምክንያቱን ነው። ምክንያቱን የያዘ ሰው ስዕሉ ሲለወጥ፣ እንጨቱ ሲለወጥ፣ አሰሪው ሲለወጥ ስራው አይጠፋበትም። ለደረጃ እድገትም የሚፈለገው እሱ ነው።

ማሽን ሳይነካ

ወርክሾፕ የገባን ቀን የሁላችንም ዓይን ማሽኖቹ ላይ ነበር። መምህራችን ግን ለረጅም ጊዜ አላስነኩንም። መሮ፣ መላጊያ፣ የእጅ መጋዝና ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን መፈተሻ) ተሰጠን። የመጀመሪያው ስራ ደግሞ ለሰሚው የሚያስቅ ነው፤ አንድ ሻካራ እንጨት ወስዶ አራት ማዕዘን ማድረግ። በቃ። ወንበር የለ፣ ጠረጴዛ የለ።

ያስቃል እንጂ ቀላል አይደለም። መጀመሪያ አንዱን ሰፊ ፊት ትልጋላችሁ። ቀጥ ማለቱን ማስመሪያ በቁሙ አስቀምጣችሁ፣ ወደ ብርሃን አዙራችሁ ታያላችሁ። ከስሩ ብርሃን ካለፈ ገና ነው። ሲስተካከል ምልክት ታደርጉበታላችሁ። ከዚያ ከእሱ ጋር 90 ዲግሪ የሚገጥም አንድ ጎን ትልጋላችሁ፣ እሱም ላይ ምልክት። ከዚህ በኋላ የሚለካው ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ፊቶች ብቻ ነው። ስኳድራ የሚደገፈውም እነሱ ላይ ነው። አንዱን ልኬት ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ ከወሰዳችሁ እያንዳንዷ ጥቂት ስህተት ተደማምራ መጨረሻ ላይ አልገጥም ትላለች። ይህ ነገር ትልቅ ሕንፃ ላይም ያው ነው። ሁሉም ሰው ከአንድ መነሻ ካልለካ ስራው አይገናኝም።

ስለትም እዚያው ነው የተማርነው። መሮ ሲሞረድ አፉ ወደ 25 ዲግሪ ይዘጋጃል፣ ጫፉ ላይ ብቻ ወደ 30 ዲግሪ ይሳላል። ሁሉንም በ30 ብትስሉት ሁልጊዜ ብዙ ብረት መፋቅ ሊኖርባችሁ ነው፤ ጫፉን ብቻ ከሆነ ግን ጥቂት ምት ይበቃዋል። መሳሉን የምናረጋግጠው በለስላሳ እንጨት ጫፍ ላይ ነበር። ቃጫውን ሳይጨፈልቅ አንጸባራቂ አድርጎ ከቆረጠ ተስሏል። ከጨፈለቀ ወደ ድንጋዩ መመለስ ነው። የዶለዶመ መሮ ከተሳለው ይበልጥ ሰው ይጎዳል። ስለማይቆርጥ በኃይል ትገፉታላችሁ፣ በኃይል የተገፋ ነገር ሲያመልጥ ደግሞ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም።

እንጨት እንደ ድመት ፀጉር አቅጣጫ አለው። በአቅጣጫው ስትልጉት ረጅም ፍቅፋቂ እየወጣ ይለሰልሳል። በተቃራኒው ከሆነ መላጊያው እየነከሰ ይቦጭቀዋል። ይህን መጽሐፍ ላይ አንብቤው አውቃለሁ፤ የገባኝ ግን ክንዴ ሲነግረኝ ነው።

መጋዝም እንጨት ይበላል። ብዙ ጀማሪ የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። የመጋዙ ጥርስ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፊ ነው እንበል። 3 ሜትር እንጨት አምጥታችሁ እያንዳንዱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስድስት ቁራጭ አወጣለሁ ብትሉ አምስት ጊዜ ትቆርጣላችሁ። 15 ሚሊ ሜትር ሰጋቱራ ሆነ ማለት ነው። የመጨረሻው ቁራጭ 48.5 ይሆናል። ስለዚህ አንዴ ሁሉንም ምልክት አድርጎ ከመቁረጥ፣ ለክቶ ቆርጦ እንደገና መለካት ይሻላል። መጋዙም ምልክቱ ላይ አይሄድም፤ ከምልክቱ ወዲያ፣ በሚጣለው በኩል ነው የሚያልፈው።

እንጨት ከሞተም በኋላ ይንቀሳቀሳል

ከትምህርቱ ሁሉ በጣም የወደድኩት ስለ እርጥበት የተማርነው ነው። ዛፍ ሲቆረጥ ውሃ የሞላው ነው። የእርጥበቱ መጠን ከደረቅ ክብደቱ 30 በመቶ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ቢደርቅም አይኮማተርም። ከዚያ በታች ሲወርድ ነው መኮማተር የሚጀምረው። መኮማተሩም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በርዝመቱ ከምንም አይቆጠርም። በዕድሜ ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ግን ከመሃል ወደ ውጭ ከሚኮማተረው በግምት እጥፍ ነው። ጠፍጣፋ ጣውላ የሚጎብጠው በዚህ ምክንያት ነው። ስትገዙ የጣውላውን ጫፍ እዩ። ቀለበቶቹ እንደ ቅስት ከታዩ ነገ ወዴት እንደሚጎብጥ ዛሬ መናገር ትችላላችሁ፤ ቅስቱ ቀጥ ወደ ማለት ይሄዳል።

ለቤት ውስጥ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 በመቶ የደረቀ እንጨት ይፈለጋል። አንዱ የክፍላችን ልጅ የበር መሃል ጣውላውን ፍሬሙ ሸንተረር ውስጥ ሲያስገባ ዙሪያውን ኮላ ቀባው። እንዲጠነክርለት ብሎ ነው። በሩ ያምር ነበር። ሰንብቶ ደረቅ ክፍል ውስጥ ቆሞ ሳለ ጣውላው መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ። ጣውላው ሊኮማተር ፈለገ፣ ኮላው አላስንቀሳቅስ አለው። መሃል ጣውላ ሸንተረሩ ውስጥ በነጻነት መንሸራተት አለበት፤ ኮላ የሚቀባው የፍሬሙ መገጣጠሚያ ብቻ ነው። የጠረጴዛ አናትም ሲታሰር ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ሞላላ የሚደረገው ለዚሁ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ እንጨት ሳይ መጀመሪያ የማስበው «ይሄ ወዴት ሊሄድ ነው?» ብዬ ነው።

ሂሳብ የምትፈሩ ካላችሁ

የሚያስፈልገው ሂሳብ ያን ያህል አይደለም። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈል፣ ጥቂት ጂኦሜትሪ። ግን ሳይሳሳቱ፣ በፍጥነትና በጫጫታ መሃል መስራት ይጠበቃል።

በየቀኑ የምትጠቀሙበት 3፣ 4፣ 5 ነው። አንዱ ጎን 3 ሜትር፣ ሌላው 4 ሜትር ሆኖ በጫፎቻቸው መካከል ያለው 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው። ቦታ ከጠበበ 60፣ 80፣ 100 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቦታ እስካለ ድረስ ግን ትልቁን ተጠቀሙ። በትንሽ ሶስት ማዕዘን ላይ ያልታየ ስህተት ግድግዳው ሲረዝም አፍጥጦ ይወጣል። ሲያልቅ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱንም ሰያፍ ለኩ። ተቃራኒ ጎኖቹ እኩል ሆነው ሰያፎቹም እኩል ከሆኑ ክፍሉ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ነው።

ስዕል ማንበብን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። 1 ለ 50 ስዕል ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ማለት መሬት ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህን ማወቅ ጥሩ ነው፤ ግን በማስመሪያ ወረቀቱ ላይ እየለካችሁ አትስሩ። ወረቀት ሲባዛ ይለጠጣል፣ ይጠባል። የተጻፈውን ቁጥር ነው መከተል። ሁለት ቦታ የተለያየ ቁጥር ከተጻፈ ደግሞ ሄዶ መጠየቅ ነው። መጠየቅ አያሳፍርም፤ ማፍረስ ነው የሚያሳፍረው።

ደረጃ መስራት እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ይፈትናል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፍራንስዋ ብሎንዴል የሚባል ፈረንሳዊ አርክቴክት የሰው እርምጃን መነሻ አድርጎ ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሰራበታል። የአንድ ደረጃ ከፍታ ሲባዛ በሁለት፣ ሲደመር የመርገጫው ስፋት። ውጤቱ ከ60 እስከ 64 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ከሆነ እግር ይስማማዋል። የፎቁ ከፍታ 2.88 ሜትር ከሆነ 16 እኩል ከፍታ፣ እያንዳንዱ 18 ይመጣል። መርገጫው 27 ቢሆን 36 ሲደመር 27፣ 63 ነው። ጥሩ ደረጃ ነው።

ወጥመዱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ደረጃው ላይ የሚነጠፈው ንጣፍ 2 ሳንቲ ሜትር፣ የታችኛው ወለል ላይ የሚነጠፈው ደግሞ ከነሊሾው 5 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ኮንክሪቱ ላይ 18 የነበረው የመጀመሪያው ከፍታ ስራው ሲያልቅ 15 ይሆናል። ላይኛው ወለል ላይም 5 ከተነጠፈ የመጨረሻው ከፍታ 21 ይሆናል። የወጣ ሰው ሁሉ ይደናቀፍበታል። ስለዚህ ፎርሙን፣ ማለትም ኮንክሪቱ የሚፈስበትን የእንጨት ሳጥን፣ የሚሰራው አናጢ ገና ያልተነጠፈውን ንጣፍ ውፍረት አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ካልተነገረው ይጠይቃል።

ፎርምወርክ

አናጢ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው በርና ቁምሳጥን ነው። ግንባታ ላይ ግን የአናጢው ትልቁ ስራ ኋላ ፈርሶ የሚጣል ነገር መስራት ነው። ኮንክሪት እስኪጠነክር የሚይዘው ሳጥን ማለቴ ነው። እዚህ ላይ ኮሌጅ መግባቴ ከምንም በላይ ጠቅሞኛል፤ ምክንያቱም ስህተቱ ሰው ይገድላል።

ኮንክሪት በሜትር ኪዩብ ወደ 2,400 ኪሎ ይመዝናል። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ (የፎቅ ወለል ኮንክሪት) በየካሬ ሜትሩ 360 ኪሎ ነው። በላዩ የሚሄደው ሰው፣ ጋሪውና ፌሮው ሳይቆጠር ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ከስር የቆሙት መደገፊያዎች ናቸው። አንዱ ትንሽ ካዘመመ፣ ወይም ከስሩ ጣውላ ሳይደረግለት ለስላሳ አፈር ላይ ከቆመ፣ ሸክሙ ጎረቤቱ ላይ ያርፋል። ያም ከከበደው ወደሚቀጥለው። ሶሌታ ሲናድ በአንድ ጊዜ የሚናደው ለዚህ ነው።

ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ላይ ደግሞ ነገሩ ወደ ጎን ነው። ገና የተደባለቀ ኮንክሪት እንደ ፈሳሽ ይገፋል። 3 ሜትር ከፍታ ያለው ኮለን ቶሎ ከተሞላ ታችኛው ጫፍ ላይ ያለው ግፊት በካሬ ሜትር ወደ 7 ቶን ይጠጋል። የኮለን ፎርም ማሰሪያዎች ከታች ተቀራርበው፣ ወደ ላይ እየተራራቁ የሚታሰሩት ለዚህ ነው። ረዳት ሳለሁ ይህን ሁልጊዜ አየው ነበር። ለውበት ይመስለኝ ነበር።

የልምምድ ግቢያችን ውስጥ ኮለን ስንሞላ ቱንቢ (ቀጥታ መፈተሻ፣ ክር ላይ የተንጠለጠለ ክብደት) የምንጠብቀው እኔና አንዲት የክፍሌ ልጅ ነበርን። ከፎርሙ አናት ላይ እንጨት ወጣ አድርገን ክሩን አሰርን። ክሩ ከላይ ከፎርሙ ፊት 10 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ከታችም 10 ከሆነ ቀጥ ብሏል ማለት ነው። ቱንቢው በነፋስ እንዳይወዛወዝ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ነከርነው። ኮንክሪቱ መግባት ሲጀምር ጣውላው ሲጥጥ ይሰማል። ኮንክሪቱን የሚያንቀጠቅጠው ቫይብሬተር ሲገባ ድምፁ ይለወጣል፤ ኮንክሪቱ እንደገና ይላላና ወደ ጥግ ሁሉ ይገባል። ግማሽ ላይ ስንደርስ ከታች 10 የነበረው 10 ከ4 ሚሊ ሆነ። «አቁሙ!» አለች። የሚሞሉት አጉረመረሙ። እሷ ደጋፊው ላይ ያለውን ማስተካከያ በዝግታ አዞረች፣ እኔ ሜትሩን ያዝኩ። 10 ሲሞላ «ቀጥሉ» አለች። ኮንክሪት ሳይጠነክር ማቃናት የደቂቃ ስራ ነው። ከጠነከረ በኋላ መሰርሰሪያ መጥቶም አያድነውም።

ፎርም ስትሰሩ ስለ ማፍረሱ አስቡ። የሚፈርስበት ቅደም ተከተል ሲሰራ ነው የሚወሰነው። ጊዜያዊ ሚስማር እስከ ራሱ አይመታም፤ መንቀያ የሚይዘው ትንሽ አንገት ይተርፍለታል። ዘይት የሚቀባው ፌሮ ከመግባቱ በፊት ነው። ፌሮ ዘይት ከነካው ኮንክሪቱ አይጨብጠውም። የኮለን ጎን ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይነሳል፤ የሶሌታና የቢም (አግድም ተሸካሚ) መደገፊያ ግን መሐንዲሱ ሳይፈቅድ አይነካም። እንጨቱ ለሌላ ቦታ ተፈለገ ተብሎ ቀድሞ የሚነቀልበት ሳይት አጋጥሞኛል። እንዲህ ያለ ቦታ ስራው ቢቀርስ ያሰኛል።

ኮንክሪት የሚጠነክረው ስለደረቀ አይደለም። ሲሚንቶው ከውሃ ጋር በሚፈጥረው ኬሚካዊ ለውጥ ነው። ቶሎ ከደረቀ ለውጡ በእንጭጩ ይቆማል። ውሃ የምናጠጣው ለዚህ ነው። ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ሲሆን በተለመደው ሲሚንቶ በ7ኛው ቀን ከዚያ ሁለት ሶስተኛውን ያህል ይደርሳል። ይህን የሚያውቅ አናጢ «ጠንክሯል እኮ፣ አየሁት» አይልም።

የሌላውን ሙያ ለምን እማራለሁ?

ብዙ ኮሌጆች አናጢውን ግንብ፣ ልስን፣ ፌሮ፣ ቧንቧና ኤሌክትሪክ ለጥቂት ጊዜ ያስሞክሩታል። ተማሪዎች እነዚያን ሳምንታት ይጠሏቸዋል። «እኔ ግንበኛ ልሆን ነው እንዴ?» ብሎ የሚቀርም አለ። አትቅሩ። ሳይት ላይ የአናጢው ስራ ሁልጊዜ በሁለት ሰዎች ስራ መሃል ነው።

የበር ፍሬም እንውሰድ። ብሎኬቱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። በሁለቱም በኩል 2 ሳንቲ ሜትር ልስን ይመጣል። ፍሬሙ 20 ከሆነ ልስኑ አልፎት ይወጣል። 24 መሆን ነበረበት። ይህን የሚያውቀው ልስን የሞከረ አናጢ ነው። ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት ቧንቧ የሚያልፍበት ቀዳዳና የኤሌክትሪክ ቱቦ ቦታ መያዝ አለበት። የሚረሳ ካለ ኋላ ኮንክሪት ሲሰብር ትሰማላችሁ። ቢም ከሆነ የሚሰበረው ደግሞ ጉዳዩ ከጫጫታ ያልፋል።

የከፍታ ልኬትም የጋራ ነው። የተጠናቀቀው ወለል ከሚሆንበት 1 ሜትር ከፍ ብሎ ዙሪያውን አንድ መስመር ይሰመራል። ሁሉም ሙያተኛ በር፣ መስኮት፣ ሶኬት፣ ኮርኒስ የሚለካው ከዚያ መስመር ነው። ሌዘር ካለ ጥሩ። ከሌለ ውሃ የሞላ ቀጭን ግልጽ ቱቦ እስከዛሬ አላረጀም። ውስጡ የአየር አረፋ እንዳይኖር ፈትሹ። ስታነቡ ሁለቱም ጫፍ ክፍት ይሁን፤ አንዱን በአውራ ጣት ደፍናችሁ ካነበባችሁ ውሸት ነው የሚነግራችሁ። ውሃው መዋዠቁን እስኪተው ታገሱ። በጥግ ዞሮ፣ ግድግዳ አልፎ፣ ክፍል ለክፍል ይለካል።

ጣታችሁ አስር ነው

በሰርኩላር መጋዝ ላይ ቀልድ የለም። ዲስኩ ከእንጨቱ በላይ ብዙ ብቅ እንዲል አታድርጉ፤ ጥርሱ ከለቀቀው ጥቂት ሚሊ ይበቃል። ጠባብ ነገር በመግፊያ እንጨት እንጂ በእጅ አይገፋም። ከዲስኩ ጀርባ ያለው መለያ ምላጭ «ያስቸግራል» ተብሎ አይነሳም። እሱ ከሌለ የተቆረጠው እንጨት ተጠግቶ ዲስኩን ይይዛል፤ ዲስኩ ደግሞ እንጨቱን ወደ እናንተ ይወረውረዋል። ስለዚህ ከእንጨቱ ትይዩ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ነው የሚቆመው። የሚዞር ማሽን አጠገብ ጓንት አይደረግም። ብዙ ሰው ይገርመዋል። ጓንቱን ከያዘው እጅን ይዞ ነው የሚሄደው።

ብናኙን አትናቁት። በዓለም ጤና ድርጅት ስር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ጭንብል አድርጉ። እርጥብ ሲሚንቶም ቆዳ ያቃጥላል፤ ሲነካ አያምም፣ ማታ ነው የሚታወቀው። ሱሪያችሁ በኮንክሪት ረጥቦ አትዋሉ፣ ተንበርክካችሁም አትስሩበት። መሰላል ስታቆሙ እያንዳንዱ 4 ሜትር ከፍታ 1 ሜትር ከግድግዳው ይርቃል። አናቱ ከምትወጡበት ቦታ 1 ሜትር ይለፍ።

ሳይት ላይ «አንተ የኮሌጅ ልጅ ትፈራለህ» ይሏችኋል። ይበሉ። ከሚሉኝ አንዱ ሁለት ጣት የለውም።

ኮሌጅ ስትመርጡ

ብሮሹር አትዩ። ወርክሾፑን አሳዩኝ በሉ። ማሽኑ ላይ ሰጋቱራ ካለ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሸረሪት ድር ካደራበት ግን ተማሪ አይነካውም ማለት ነው። አንድ መሮ አንሱና አፉን እዩ። መምህራኑ ስለት ካልጠበቁ ሌላውንም አይጠብቁም። አንድ ሞርሳ (እንጨት አጥብቆ መያዣ) ለስንት ተማሪ እንደሆነ ጠይቁ። ተማሪ የሚሰራበት እንጨት ኮሌጁ ያቀርብ እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ትምህርቱ ወደ ጥቁር ሰሌዳ የሚመለሰው እንጨት ሲያልቅ ነው። መምህሩ ራሱ ሳይት ላይ ሰርቶ ያውቅ እንደሆነም ማወቅ ጥሩ ነው። ከተቻለ ተመራቂ ፈልጋችሁ አነጋግሩ።

ለሴቶች አንድ ቃል። ያቺ ቱንቢ ጠባቂ የክፍሌ ልጅ ከሁላችንም ቀድማ ቡድን መሪ ሆናለች። «ከባድ ነው» የሚሏችሁ ሰዎች ከባድ ፕላይውድ ብቻውን የሚያነሳ ወንድም ወገቡን እንደሚያጣ አይነግሯችሁም። በሁለት ሰው የሚነሳ ነገር በሁለት ሰው ነው የሚነሳው።

ስራ ላይ

የተግባር ልምምድ የወጣሁበት ሳይት ላይ ለረጅም ጊዜ ዕቃ ተሸካሚ አደረጉኝ። ከኮሌጁ የመጣው ወረቀት ላይ «ፎርምወርክ ይለማመዳል» ይላል፤ እኔ ጠጠር አመላልሳለሁ። መጨቃጨቁ አላዋጣኝም። አንድ ቀን ግን የአናጢዎቹ አለቃ ለሶሌታው ስንት እንጨት እንደሚያስፈልግ በጣቱ ሲቆጥር አገኘሁት። «ጋሼ፣ ልሞክረው?» አልኩት። 5 በ10 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ እንጨት 0.02 ሜትር ኪዩብ ነው። 50 ፍሬው አንድ ሜትር ኪዩብ ይሞላል። ከስዕሉ ላይ ቆጠርኩ፣ ለብክነት 10 በመቶ ጨመርኩ፣ ከፊተኛው ሶሌታ የሚተርፈውን ቀነስኩ። ወረቀቱን አየና ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወዲህ ጠጠር አላመላለስኩም።

ልምምድ ላይ ሆናችሁ የሰራችሁትን ሁሉ ፎቶ አንሱ። ያለቀውን ብቻ አይደለም፤ ሳይሸፈን ያለውን፣ መገጣጠሚያውን፣ መደገፊያውን። ቀጣሪ የሚያውቅ ሰው ከሆነ የሚያየው እሱን ነው።

ፎርም ይሻላል ወይስ ፊኒሺንግ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ሁለቱንም እላለሁ። የፎርም አናጢ መዋቅሩ ሲያልቅ ይሰናበታል። የበርና የቁምሳጥን አናጢ የሚጠራው ሕንፃው ጣሪያ ለብሶ ነው። ሁለቱንም የሚችል ሰው አንድ ፕሮጀክት ላይ ከመነሻ እስከ መጨረሻ ይቆያል። ፎርማን የሚሆነውም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

መሳሪያ ስትገዙ በአንድ ጊዜ አትጋፉ። ሜትር፣ ስኳድራ፣ ውሃ ልክ፣ ቱንቢ፣ መዶሻ፣ የእጅ መጋዝና ሁለት መሮ ይበቃችኋል። ግን ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ፈትሹ። ውሃ ልኩን አስቀምጡና አረፋው የት እንዳለ እዩ። ከዚያ ጫፍና ጫፉን አገላብጣችሁ እዚያው ቦታ መልሱት። አረፋው ያው ቦታ ካልቆመ አትግዙት። ስኳድራውን ቀጥ ባለ ጠርዝ ላይ ደግፋችሁ መስመር አስምሩ፣ ገልብጡና እዚያው ላይ ድገሙት። ሁለቱ መስመሮች ካልተደራረቡ ስህተቱን በእጥፍ እያሳያችሁ ነው። የሜትሩ ጫፍ ላይ ያለው መንጠቆ ሲላወስ ደግሞ ተበላሽቷል ብላችሁ አትተውት። ሆን ተብሎ ነው የላላው። ውጭ ስታነቡ ይጎተታል፣ ግድግዳ ላይ ስታስጠጉት ይገፋል፤ የሚላወሰው በራሱ ውፍረት ልክ ስለሆነ በሁለቱም መንገድ ልኬቱ ትክክል ይመጣል። በመዶሻ መትተው የሚያጠብቁት ሰዎች አይቻለሁ። አትንኩት።